ከዱራሜ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ፦ ጀልባ ላይ ከመውጣታችን በፊት



ውድ አንባብያን፣ «ማሪና» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁን? በሞቃታማ ደሴቶች ዳርቻ፣ ዘንባባ በተተከለበት ወደብ፣ ነጫጭ የመዝናኛ ጀልባዎች እንደ ጋጣ ከብት ተሰልፈው የሚታሰሩበት ሥፍራ ነው። የጀልባዎቹ ባለቤቶች የሚሰባሰቡበት ማኅበር ደግሞ «ያት ክለብ» ይባላል። ከእነዚህ ማኅበራት አንጋፋው በአየርላንድ አገር የሚገኘውና ታሪኩን ከ1720 እ.ኤ.አ. የሚቆጥረው የኮርክ ክለብ ነው። ዛሬ በሲሼልስም ሆነ በካሪቢያን ደሴቶች እንዲህ ያሉ ወደቦች አሉ፤ በቴሌቪዥን ስናያቸውም ልብ ይሰርቃሉ።

እኛ የምንኖረው ግን በዱራሜ ነው። ከበላያችን ከ3000 ሜትር የሚበልጠው የሐምበሪቾ ተራራ ቆሟል፤ በጓሯችን እንሰት፣ ቡናና ዝንጅብል እንጂ ባሕር የለም። አገራችን ራሷም ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባሕር በር የላትም። ታዲያ የጀልባና የወደብ ነገር ለእኛ ልጆች ምናቸው ነው? ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ሦስት ቤተሰቦች ከነልጆቻችን ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ወረድን። ያየነውንና የተማርነውን እነሆ እናካፍላችኋለን።

ከተራራ ወደ ውኃ

የሱብሒን ሶላት ሰግደን፣ ስንቃችንን ቋጥረን፣ በተከራየነው ሚኒባስ ተሳፈርን። ስድስት ወላጆች፣ አንዲት አያት፣ ሁለት ጎረምሶችና አምስት ሕፃናት፣ በድምሩ 14 ነበርን። ሕፃናቱ ሌሊቱን በቅጡ ስላልተኙ መኪናው ገና ከከተማ ሳይወጣ እርስ በርስ ተደጋግፈው አንቀላፉ።

መንገዱ ከደጋው ቁልቁል ወደ ብላቴ ወንዝ ይወርዳል። ብላቴ ከእኛ አካባቢ አልፎ ወደ ደቡብ የሚጓዝና መጨረሻው የአባያ ሐይቅ የሆነ ወንዝ ነው። ወንዙን ተሻግረን ሐላባ ቁሊቶ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ሐላባ በቀይ በርበሬዋና ግድግዳቸው በልዩ ልዩ ሥዕል ባጌጡ ጎጆዎቿ ትታወቃለች። እዚያ ሻይ ጠጥተን፣ ልጆቹን ቀስቅሰን፣ በሻሸመኔ በኩል ጉዟችንን ቀጠልን። ከሻሸመኔ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሐዋሳ ትመጣለች።

የሐዋሳ ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ስሟ በሲዳምኛ ሰፊ የውኃ አካል ማለት እንደሆነ ይነገራል። ሐይቁ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ካሉት ዋና ዋና ሐይቆቻችን በስፋቱ አነስተኛ ነው፤ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥልቀቱ ግን በአንዳንድ ሥፍራ ከ20 ሜትር ይበልጣል። ይህም ስድስት ፎቅ ያለው ሕንፃ ቁመት ያህል ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚመግበው ጥቁር ውኃ የተባለው ወንዝ ሲሆን፣ ከሐይቁ በገጸ ምድር ፈስሶ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የተጣለ ነገር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህን ለልጆቹ ስንነግራቸው አንደኛው የጨረሰውን የውኃ ፕላስቲክ ከመወርወር ተቆጥቦ ወደ ቦርሳው መለሰው።

አሞራ ገደል

በመጀመሪያ የሄድነው አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ነው። ሌሊቱን መረብ ዘርግተው ያደሩ ዓሣ አጥማጆች ጠዋት ጠዋት ጀልባቸውን ወደ ዳር ይስባሉ። ቆሮሶና አምባዛ በየዓይነቱ ተዘርግቷል። ወጣቶች በፍጥነት ቅርፊቱን ይልጣሉ፣ ሆድ ዕቃውን ያወጣሉ፤ ቁመታቸው ሕፃን ልጅ የሚያህል አባ ኮዳዎች ደግሞ እንደ ሽማግሌ ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። በዛፎቹ ላይ ጦጣዎች ይዘላሉ። ልጆቻችን ከዓሣው ይልቅ አሞራዎቹን ሲያዩ ዋሉ ማለት ይቻላል።

ለሙስሊም መንገደኛ ዓሣ ምቹ ምግብ ነው። ማን አረደው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ከዳርቻው ያሉ እናቶች ትኩስ ዓሣ በንጹሕ ዘይት ጠብሰው አቀረቡልን፤ በአንድ አግዳሚ ላይ ከማናውቃቸው የክርስቲያን ቤተሰቦች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን በላን። እሾኹን እንዴት እንደሚለዩ ለልጆቻችን ያሳዩዋቸው እነርሱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ዳርቻ አመራን። እዚህ የሀብታም መርከብ የለም። ቀለም የተቀቡ፣ ከኋላቸው ሞተር የተገጠመላቸው፣ ከፀሐይ የሚከልል ሸራ የተዘረጋላቸው ጀልባዎች በገመድ ታስረው ይወዛወዛሉ። የደቡቡ ሰው ማሪና ይህ ነው።

«ስንት ሰው ይጭናል?»

ገና ስንጠጋ አንድ ወጣት ጀልባ ነጂ ተቀበለን። ዋጋ ተነጋገርን፤ ተስማማን። «ግቡ፣ ተጠጋጉና ሁላችሁንም ይይዛል» አለን። ልጆቹ እየተሽቀዳደሙ ነበር። በዚህ ጊዜ ከሁላችን በላይ ውኃ የሚፈሩት አያት በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና፦

«ልጄ፣ ይህ ጀልባ ስንት ሰው ይጭናል? ያ የሚለበሰውስ ስንት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

የሚለበሰው ያሉት የሕይወት አድን ጃኬቱን ነው። ሲቆጠር ስድስት ሆነ። እኛ 14 ነን።

«እናቴ፣ አይዞዎት፤ ሁልጊዜ የምንሠራው ሥራ ነው» አላቸው ነጂው በትሕትና።

«እኔ አንተን አልጠረጠርኩም ልጄ፤ ውኃውን ነው» አሉት።

በዚህ ቃል ላይ የሚጨመር አልነበረም። ሌላ ጀልባ እንጠብቅ ተባለ። ልጆቹ አኮረፉ፤ ትንሿ ልጅ አለቀሰች። አንድ ሰዓት ያህል በዳርቻው ተቀመጥን። በኋላ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ጀልባ ነጂ መጡ። ሳንጠይቃቸው «ሁለት ጊዜ ነው የምወስዳችሁ፤ ሰባት ሰባት ሆናችሁ» አሉ። ጃኬቶቹን አውጥተው ለእያንዳንዱ ሰው ራሳቸው አለበሱ፤ ለሕፃናት በልካቸው የተሠራውን መርጠው ማሰሪያውን አንድ በአንድ ሳብ እያደረጉ ፈተሹ። «ያልታሰረ ጃኬት እንዳልለበሱት ነው፤ ሰውየው ይሰምጣል፣ ጃኬቱ ይንሳፈፋል» አሉን።

ከጎረምሶቹ አንዱ «ጋሼ፣ ጀልባው ግን ከዚህ በላይ መጫን አይችልም?» ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ነገሩን በሚገባን ቋንቋ አስረዱን። ጀልባ የሚንሳፈፈው በሆዱ መጠን ውኃ ገፍቶ ነው። ሰው በተጨመረ ቁጥር ወደ ታች ይገባል፤ በጠርዙና በውኃው መካከል ያለው ርቀት ይጠብባል። ውኃው ጸጥ ባለ ጊዜ ምንም አይታወቅም። ነፋስ ሲነሣ ግን ሞገዱ በጠርዙ ይገባል፤ የገባው ውኃ ደግሞ ወደ አንድ ጎን ይጋፋል፤ ሰዎቹም ደንግጠው ይነሣሉ፣ ወደ አንድ ወገን ይሸሻሉ። ጀልባውን የሚገለብጠው ያ መነሣት ነው። «ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ለራሱም ለጓደኛውም ጠላት ነው» አሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚበረታ ጠዋት መውጣት እንደሚሻልም ነገሩን።

ቢስሚላህ ብለን ተነሣን። ልጆቹ በመድረሳ የተማሩትን የመሳፈሪያ ዱዓ በኅብረት አነበቡ። ከውኃው ላይ ሆነው ሲመለከቱ ከተማይቱ ሌላ መልክ አላት፤ የታቦር ኮረብታ፣ የዳርቻው ዛፎች፣ የሕንፃዎቹ ጥላ በአንድነት በውኃው ላይ ተኝተዋል። ወደ ሸምበቆው ስንቃረብ ነጂው ሞተሩን አጠፉ። በሩቁ የጉማሬ ጆሮዎችና አፍንጫ ብቅ ብቅ አሉ። ልጆቹ እንጠጋ ብለው ቢለምኑም አልተጠጉም። ጉማሬ ቅጠል በል ቢሆንም ጀልባ ሊገለብጥ የሚችል ኃይለኛ እንስሳ ነውና። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አያቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ወደ ሐይቁ አውርደው ውኃውን ነኩ። ፊታቸው በርቶ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ከውበቱ ጀርባ ያለው ሥርዓት

ከሐይቁ ከወጣን በኋላ፣ የዙህርን ሶላት ሰግደን በዛፍ ጥላ ሥር ስንጫወት፣ ነገሩን ከታላላቆቹ ወደቦች ጋር አነጻጸርነው። የደሴቶቹ ማሪና ሰው የሚያደንቀው ለነጭ ሸራው ነው። በውስጡ ያለው ግን ከሁሉ በፊት ሥርዓት ነው። ሞገዱን የሚሰብር የድንጋይ ግድብ፣ ጀልባው የሚታሰርበት ቋሚ ቦታ፣ የአየር ጠባይ ማስታወቂያ፣ የመጠገኛ ሥፍራ አለው። ጥሩ ክለብም ማን እንደወጣና መቼ እንደሚመለስ ይመዘግባል። በሰዓቱ ያልተመለሰውን የሚፈልገው ሰው አለ።

ሕፃናትንም የሚያስተምሩት ከዚሁ ነው። ኦፕቲሚስት የምትባል፣ በ1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተቀየሰች፣ ርዝመቷ 2.3 ሜትር የሆነ የአንድ ልጅ ጀልባ አለች። በብዙ አገር ልጆች የሸራ ጀልባ የሚማሩት በእርሷ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ምን ይመስላችኋል? ጀልባዋን ሆን ብሎ ገልብጦ ውኃ ውስጥ መግባትና መልሶ ማቅናት ነው! ክፉው ቀን ከመምጣቱ በፊት ልጁ ያውቀዋል ማለት ነው።

ሥርዓት የሌለበት ውብ ደሴትም ቢሆን ሐዘን አያጣውም። ሕዝቧ አብዛኛው ሙስሊም በሆነባት በዛንዚባር፣ በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ስትጓዝ ከተፈቀደው በላይ ሰው ጭና ሰጠመች። በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች ሕይወት አለፈ። ባሕርን ከአባቶቻቸው የተማሩ ሕዝቦች እንኳ ቁጥር ሲጣስ እንዲህ ይሆናሉ።

በሌሊት የሚነሡ ጀልባዎች

ያን ጥያቄ ያነሣው ጎረምሳ ከሐይቁ ከወጣን ጀምሮ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ «እነዚያ በሌሊት የሚጭኑትስ ስንት ይጭናሉ?» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ታላቅ ወንድሙ በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከተነሣ ዓመት አልፎታል። እርሱም ለመከተል ሲያስብ እንደነበር እናቱ ያውቃሉ።

ከሐዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዙ መሆኑን መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ውኃ አለ። የማላዊ ሐይቅ ልክ እንደ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ሥርዓት ውስጥ ያለ፣ ግን እጅግ ሰፊና ጥልቅ ሐይቅ ነው። በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. ስደተኞችን ያሳፈረች ጀልባ በዚያ ሐይቅ ላይ ተገልብጣ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን ሰጥመው ሞቱ። በሌላው መንገድ፣ ከጅቡቲ አካባቢ ወደ የመን በሚሻገሩት ጀልባዎችም በየዓመቱ የወገኖቻችን ሕይወት ያልፋል። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በየመን አብያን ዳርቻ በተገለበጠችው አንዲት ጀልባ ብቻ ከ70 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ለጎረምሳው ብዙ አልመከርነውም። ወጣት በምክር ብዛት ይሰለቻል። ግን ያ ቀን ራሱ ነገረው። በቀን ብርሃን፣ ዳርቻው እየታየ፣ ለመዝናናት ብቻ በምንወጣበት ሐይቅ ላይ ጃኬት ስላልበቃ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ደላላ ግን መንገደኛውን በጨለማ ያሳፍራል፣ ጃኬት አይሰጥም፣ ስሙን የሚመዘግብ የለም፣ ባይደርስ የሚፈልገው የለም። ስንት ሰው ይጭናል ብሎ የጠየቀውንም ዝም በል ይለዋል።

ስደት በራሱ ነውር አይደለም። እኛ ሙስሊሞች ይህን ከማንም በላይ እናውቃለን። የታሪክ ጸሐፍት እንደዘገቡት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሶሓባዎች ከመካ ወጥተው ሹዐይባ ከተባለው ወደብ በሁለት የንግድ መርከቦች ተሳፍረው ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። የተሳፈሩበት ዋጋ ግማሽ ዲናር ነበር። ወደ ማን እንደሚሄዱ ያውቁ ነበር፤ በአገሩ ማንም የማይበደልበት ንጉሥ እንዳለ ረሡል (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረዋቸው ነበርና። የመርከቦቹም ባለቤቶች ውኃውን የሚያውቁ፣ ሄደው የሚመለሱ ነጋዴዎች ነበሩ። በዚያ ጉዞና በደላላው ጀልባ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ጎረምሳው ይህን ሰምቶ ምንም አልመለሰም። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከመኪናው ኋላ ተቀምጦ ለወንድሙ በስልክ የሐይቁን ፎቶግራፍ ሲልክለት አየነው።

ዋና መማር የማን ነው?

ደገኛ ሰው ውኃ ይፈራል፤ ልጆቹንም «አትጠጋ!» እያለ ያሳድጋል። ማስፈራት ግን ከመስጠም አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከእነዚህ ሩብ ያህሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። አደጋው በባሕርና በሐይቅ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በክረምት ወንዝ፣ በኩሬ፣ በውኃ ጉድጓድም ይደርሳል። ይህ ደግሞ በእኛም ሰፈር አለ።

ልጆችን ዋና ማስተማር ከሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) እንደተላለፈ ምክር ሆኖ በሙስሊሞች ዘንድ ሲነገር የኖረ ነገር ነው። ለወንዱ ብቻ ሳይሆን ሴት ልጅም አለባበሷንና ሥፍራዋን ጠብቃ ልትማረው ትችላለች። ውኃ ወንድና ሴት አይለይምና።

ውኃን ማወቅ እንጀራም ይሆናል። አገራችን ወደብ ባይኖራትም መርከብ አላጣችም፤ የንግድ መርከብ ድርጅቷ የተቋቋመው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። በቢሾፍቱ፣ በባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ደግሞ የምሕንድስና ምሩቃንን ለዓለም አቀፍ መርከቦች ሲያሠለጥን ቆይቷል። በሒሳብና በፊዚክስ የበረታ የዱራሜ ልጅ ባሕሩን በጨለማ ሳይሆን በሥራ ልብስና በደመወዝ ሊሻገረው ይችላል።

ለመሄድ ላሰባችሁ ቤተሰቦች

ውድ አንባብያን፣ ወደ ሐዋሳም ሆነ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ጫሞም ሆነ ወደ ጣና ብትሄዱ የሚከተሉትን አትርሱ፦

ጠዋት ድረሱ፤ ነፋስ ከበረታ ወይም ሰማይ ከጠቆረ ግን ጉዞውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ፤ ከሰው ቁጥር አንድ እንኳ ካነሰ አትግቡ። የሕፃናት ጃኬት በልካቸው መሆኑን፣ ማሰሪያው መጥበቁን በእጃችሁ ፈትሹ። ረዥም ጅልባብና ነጠላ የለበሱ እናቶች ልብሳቸው ከሞተሩና ከገመዱ ጋር እንዳይያያዝ ሰብሰብ አድርገው ይቀመጡ። በጀልባው ላይ ማንም አይቁም፤ ፎቶግራፍም ተቀምጦ ይነሣል። ወደ ጉማሬ ጠጋ በሉ ብላችሁ ነጂውን አትጎትጉቱ። ከዳር ለሚቀር ሰው መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

እንደ አዛውንቱ ያለ ጠንቃቃ ጀልባ ነጂ ስታገኙ ደግሞ ምስጋናችሁንም ገንዘባችሁንም አትንፈጉት። ሁለት ጊዜ የሚመላለስ ሰው ነዳጁን ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። እኛ መንገደኞቹ በርካሹና በፈጣኑ ብቻ የምንሳፈር ከሆነ ጥንቁቁ ሰው ከሥራው ይወጣል። ዳርቻዎቻችን ሥርዓት እንዲኖራቸው የምንፈልግ ከሆነ ሥርዓቱን የሚከፍለው የእኛ ኪስና የእኛ ትዕግሥት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በየብስም በባሕርም ያሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።